የናንሃዩ ሰው ሣጥን

ስለ ፎቶ አጀማመር ሲወራ የፈረንሳዩ ዳጌር ነው የሚነሳው። እኔን ግን ሰሞኑን ልቤን የወሰደው ዞው ቦቺ ነው፤ በደቡብ ቻይና፣ የጓንግዶንጓ ናንሃይ ተወላጅ፣ የሒሳብና የካርታ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1844 ገደማ በሌንስ የገባ ብርሃን ምስል የሚያሳርፍበት ሣጥን ሠርቶ አሠራሩን ጻፈ።

የአገሩን የቆዩ መጻሕፍት አጥብቆ ያነብ ነበር። ከእነዚህ በአንዱ እንደሚታየው፣ የጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ የሞዚ ተከታዮች ከ2,000 ዓመት በፊት በጠባብ ቀዳዳ የገባ ብርሃን ምስልን እንደሚገለብጥ አስተውለዋል፦ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከራስ የመጣው ታች፣ ከእግር የመጣው ላይ ያርፋል። እንዴት ያለ ዓይን ነው!

ኋላ ላይ ዞው የራሱን ምስል በመስታወት ላይ አንስቷል፤ መስታወቱ ዛሬም ጓንግዡ ውስጥ አለ። በ1869 በ50 ዓመቱ ገደማ አረፈ። በፎቶ ታሪክ ውስጥ ስሙ እንዲህ መረሳቱ ከልብ ያሳዝነኛል።