ማን ይበልጣል?

ለብሔራዊ ቡድናችን ከተሰለፉት የክለብ ተጫዋቾች ማን ይበልጣል ብለን ከባልንጀራዬ ጋር ተከራከርን። እኔ የቅዱስ ጊዮርጊሱን መንግሥቱ ወርቁን አስበለጥሁ፤ እርሱ ግን የድሬዳዋ ልጅ ነውና ለጥጥ ማኅበር የተጫወተውን ሉቺያኖ ቫሳሎን አስበለጠ። ክርክሩም ወደ ስድብ ደርሶ ሰላምታ ተነፋፈግን።

ኋላ ብቻዬን ሆኜ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አሰብሁ። ግብፅ 2 ለ 1 ስትመራ ሉቺያኖ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱም አራተኛውን አገቡ። የሉቺያኖ ግብ ባትኖር መንግሥቱ የሚያገባበት ሰዓት ከየት ይመጣ ነበር? እነርሱ የክለባቸውን ማልያ አውልቀው ለአንድ አገር ተሰለፉ፤ እኔ ግን ማልያ ሳልለብስ በክለብ ስም ወዳጅ አስቀየምሁ።

አንባቢ ሆይ፥ በማግስቱ ከባልንጀራዬ ደጅ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ማን እንደሚበልጥ ሳንቆርጥ ቡናችንን ጠጣን።