መሣሪያውና ቀጠሮው

ሥራ በተጓተተ ጊዜ ሙያተኛ በመጀመሪያ የሚከሰው መሣሪያውን ነው። አናጢው መጋዙን፣ ሸማኔው መወርወሪያውን፣ ሠዓሊው ብሩሹን ይወቅሳል። ክሱ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን መሣሪያው አፍ አውጥቶ ስለማይከራከር ብቻ የተሸከመው የሰው ጥፋት ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው እንዴት ነው? በአዲስ አበባ፣ ኮልፌ አካባቢ አነስተኛ ስቱዲዮ ያለው አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ነገሩ የተጀመረው በሠርግ ነው። ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት ባነሣው ሠርግ ላይ የሙሽራዪቱ አያት ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው በሁለት ሰዎች ተደግፈው ቆሙ፤ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ሙሽሮቹን ሲመርቁም ፎቶግራፍ አንሺው በዕለቱ ካነሣቸው ሁሉ የሚበልጠውን ምስል አገኘ። አሮጊቷ ወደ እሱ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ይህችን ሳላያት እንዳልሄድ አደራ» አሉት። ሥራው በሦስት ሳምንት እንደሚደርስ ቃል ገባላቸው።

አልበሙ የተረከበው በሦስት ሳምንት ሳይሆን በአርባ ዘጠነኛው ቀን፣ በቅበላው እሑድ ነው። ሊወስድ የመጣው የሙሽራዪቱ ወንድም ገጾቹን እየገለጠ ሄዶ ከአያቱ ምስል ላይ ሲደርስ ቆመ። «እማማ ሲጠይቁን ነበር» አለ። «ከቀበርናቸው ዛሬ ሁለት ሳምንታቸው።» ቁጣ አልነበረበትም። ቀሪውን ሒሳብ ከፍሎ፣ አመስግኖ ወጣ።

የስቱዲዮው ወጣት ረዳት የጌታውን ፊት አይቶ ሊያጽናናው ሞከረ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ማሽኑ አርጅቷል። ፕሮሰሰሩ ካልተለወጠ መቼም ቢሆን በቀጠሯችን አንደርስም» አለው። ይህ አነጋገር ለሰሚው ደስ የሚያሰኝ ነበር። በማግስቱ ፎቶግራፍ አንሺው ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ መገናኛ ካሉት የኮምፒዩተር ሱቆች ወደ አንዱ ሄደ። እዚያም ነገሩ አንድ ዕቃ ገዝቶ የሚያበቃ እንዳልሆነ ተረዳ። አዲሱ ፕሮሰሰር በአሮጌው ማዘርቦርድ ላይ አይገጥምም፤ ማዘርቦርዱ ሲለወጥ ደግሞ የቀድሞው ራም አያገለግልም። ሦስቱ ተደምረው የስቱዲዮውን የሁለት ወር ኪራይና የረዳቱን ደመወዝ ይበላሉ። ባለሱቁ ግን ከመሸጡ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ «ሥራው የሚያዝብህ ምን ላይ ሲደርስ ነው?» አለው። ፎቶግራፍ አንሺው መልስ አልነበረውም። ሳይገዛ ተመለሰ።

ፕሮሰሰር የኮምፒዩተር የስሌት ክፍል ነው። የፎቶግራፍ ሥራ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ስሌት የበዛበት ነው። አብዛኛዎቹ የዲጂታል ካሜራዎች በእያንዳንዷ የምስል ነጥብ ላይ የሚመዘግቡት አንድ ቀለም ብቻ፣ ማለትም ቀዩን ወይም አረንጓዴውን ወይም ሰማያዊውን ነው። የኮዳክ ኩባንያ ባለሙያ የነበረው ብራይስ ባየር በ1976 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባገኘበት አደራደር ከነጥቦቹ ግማሹ ለአረንጓዴ፣ ሩቡ ለቀይ፣ ሩቡ ለሰማያዊ ይመደባል። በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ የጎደሉትን ሁለት ቀለሞች ከጎረቤቶቿ አስልቶ የሚሞላው ኮምፒዩተሩ ነው። 24 ሚሊዮን ነጥብ ባለው ምስል ላይ ብርሃኑ ትንሽ ከፍ፣ ጥላው ትንሽ ገለጥ ይበል በተባለ ቁጥር ስሌቱ ይታደሳል። ስለዚህ የረዳቱ ጥርጣሬ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የጎደለው ማረጋገጫ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ሠርግ የለም፤ ለሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ስቱዲዮውን የሚፈትሽበት ወቅት ይኸው ነው። ከዚያው ከጥሩ ሠርግ 200 ምስሎችን፣ የአያቲቱንም ጨምሮ፣ ለመፈተሻ ለየ። የግድግዳ ሰዓትና አንድ ደብተር አዘጋጀ። ሥራውን በአራት ረድፍ ከፈለው፤ ምስሎቹን ወደ ኮምፒዩተሩ ማስገባት፣ መምረጥ፣ ማረም፣ ያለቀውን ለኅትመት ማውጣት። በእያንዳንዱ ረድፍ ስንት ደቂቃ እንደ ጠበቀ፣ በዚያችም ደቂቃ ታስክ ማኔጀር የተባለው መቆጣጠሪያ ምን እንደሚያሳይ ይጽፍ ጀመር።

ውጤቱ ያልጠበቀው ሆነ። ምስሎቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ በሚመርጥበት ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሲሶ ያህል እንኳ አይሠራም፤ መቶ በመቶ ተጨናንቆ የሚታየው ሃርድ ዲስኩ ነበር። በማረም ጊዜ 8 ጊጋባይቱ ራም ጢም ብሎ ስለሚሞላ ኮምፒዩተሩ የተረፈውን ወደዚያው ወደ ዘገምተኛው ዲስክ ይገለብጣል። ፕሮሰሰሩ በአራቱም ኮሮቹ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው በመጨረሻው ረድፍ፣ ያለቀውን ምስል በማውጣት ላይ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሰውየው ምሳውን ይበላል ወይም ይተኛል። ማሽኑ ብቻውን የሚሠራበት ሰዓት ቢረዝምም የሰው እጅ አያስርም። ጉዳት ያለው ሰው ጣቱን አንሥቶ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ የሚቀርበት ጥበቃ ነው። የአያቲቱ ምስል ተከፍቶ እስኪጠራ 11 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ ያ 11 ሰከንድ በአብዛኛው የዲስኩና የራሙ እንጂ የፕሮሰሰሩ አልነበረም።

የማሽኑን ሣጥን ሲከፍተው ሌላም ነገር አገኘ። የማቀዝቀዣው ክንፎች በአቧራ ተደፍነው ነበር። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አርጅቷል የተባለው ፕሮሰሰር በከፊል ታፍኖ ኖሯል። አቧራው ተጠረገ፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀው ቅባት ታደሰ። በሃርድ ዲስኩ ቦታ ኤስ.ኤስ.ዲ. ገባ። የሚሽከረከር ሳህን ያለው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ያህል ሲያነብ፣ በተለመደው የሳታ ገመድ የሚገጠመው ኤስ.ኤስ.ዲ. እስከ 550 ያነባል፤ እዚህም እዚያም የተበተኑ ፋይሎችን በመልቀም ደግሞ ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል። ራሙም ወደ 16 ጊጋባይት አደገ። ወጪው ባለሱቁ ከጠራው ሒሳብ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። የአያቲቱ ምስል በሦስት ሰከንድ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ይሁንና ደብተሩ አንድ ሌላ ስሌት አስከተለ። በዚያ ሠርግ ላይ ማሽኑን የጠበቀበትን ጊዜ ሁሉ ቢደምረው 24 ሰዓት አልሞላም፤ ሦስት የሥራ ቀን ማለት ነው። የዘገየው ግን 28 ቀን ነው። ከሁሉ የሚፈጥነው ማሽን በእጁ ቢኖር ኖሮ አልበሙ ይደርስ የነበረው በ46ኛው ቀን ነው። አሮጊቷ ያረፉት በ35ኛው ቀን ነው።

የቀሩት ቀኖች ወዴት ሄዱ? ግለ ሂሱ የመረረው በዚህ ጊዜ ነው። በ19ኙ ቀን ማኅደሩን ጨርሶ አልከፈተውም፤ በላዩ አራት ሌሎች ሠርጎች ተቀብሎ ነበር። በአንድ ቀን 3,000 ምስል አንሥቶ፣ ያን ሁሉ ለመምረጥ ፈርቶ ነበር። በወጣትነቱ ፒያሳ በነበረ ስቱዲዮ ውስጥ በፊልም ሲማር ጥቅልሉ 36 ምስል ብቻ ይይዝ ስለነበር ምርጫው የሚካሄደው ካሜራው ከመተኮሱ በፊት፣ በዐይኑ ውስጥ ነበር። ዲጂታሉ ካሜራ ያንን ምርጫ ከዐይን አንሥቶ ወደ ኮምፒዩተሩ ጠረጴዛ አዛወረው። ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ማንም ፕሮሰሰር ሊመርጥለት አይችልም።

ከዚያ ወዲያ በስቱዲዮው ሁለት ደንብ ተደነገገ። በሳምንት ከአንድ ሠርግ በላይ አይወሰድም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ 20 የተመረጡ ፎቶግራፎች ታትመው፣ አልበሙ ሳይጠበቅ፣ ለየቤተሰቡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይላካሉ።

ታዲያ ፕሮሰሰሩ ከቶ መለወጥ አላስፈለገውም? አስፈልጎታል፤ ነገር ግን በራሱ ምክንያትና በራሱ ጊዜ። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ፎቶግራፍ አንሺው 45 ሚሊዮን ነጥብ የሚይዝ ካሜራ ገዛ። የየምስሉ ስሌት በእጥፍ ሊጠጋ ምንም ያህል አልቀረውም። በጥር ሠርጎች ደብተሩን ዳግመኛ ሲገልጥ ዲስኩ ሥራ ፈትቶ፣ ራሙ ተርፎ፣ ማቀዝቀዣውም ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ በማረም ጊዜ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ተይዞ የሰውየውን እጅ ያስቆም ነበር። አሁን ክሱ ማስረጃ አገኘ። በዚያም ላይ አሮጌው ፕሮሰሰር ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ወገን አልነበረም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚያበቃ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ በቀኑም አበቃ።

መዘግየቱ ዋጋ አላስከፈለውም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ንሮ ነበር። «ጋሼ፣ ያኔ ብንገዛው ኖሮ» አለ ረዳቱ። ፎቶግራፍ አንሺው አልተከራከረም። ያኔ ቢገዛ ርካሽ ነበር፤ ነገር ግን ባዲሱ ፕሮሰሰር ላይ አሮጌውን ልማድ ጭኖ፣ ጥፋቱ የማሽኑ እንደ ነበረ አምኖ ይኖር ነበር።

ሲገዛም ብዙ ኮር የታጨቀበትንና ከሁሉ የተወደደውን አልመረጠም። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር መሐንዲስ ጂን አምዳል በ1967 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ከአንድ ሥራ ውስጥ ተከፋፍሎ ሊሠራ የማይችለው ክፍል የፍጥነቱን ወሰን ያበጃል። አሥር ደቂቃ ከሚፈጀው ሥራ አራቱ ደቂቃ በተራ በተራ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ መቶ ኮር ቢሰለፍ ከአራት ደቂቃ በታች አይወርድም። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮር ፈጣን የሆነውን፣ ቁጥሩ ግን መካከለኛ የሆነውን ያዘ። ግዢው የተፈጸመው በ2017ቱ ዐቢይ ጾም ነው፤ ማሽኑ ሲፈታና ሲገጠም የሚጠብቅ ሙሽራ አልነበረምና።

ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ሠርግ ማግስት ረዳቱ፣ «እስቲ ይፈትሹት» አለው። ፎቶግራፍ አንሺው የቀድሞውን የመፈተሻ ማኅደር ከፈተ። አሮጊቷ ቀኝ እጃቸውን እንዳነሡ ብቅ አሉ። አንድ ሰከንድ አልሞላም። ቁጥሩን በደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ማኅደሩንም ዘጋና የትናንቱን ሠርግ ሃያ ምስሎች ይመርጥ ጀመር። ሦስተኛው ቀን ነገ ነበር።