ሽጉጡስ አለዎት፤ ጣትዎስ ሠልጥኗል?

ጦር ኃይሎች ስሙን ያገኘው ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ የሚያበቃውም እዚሁ ነው። ሻይ ቤቶቹ ውስጥ ጡረታ የወጡ ወታደሮች አይጠፉም። መቼም ስለ ተኩስ መጠየቅ የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰፈር አያገኝም።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ የአንድ ወዳጄ ነገር ነው። ነጋዴ ነው፤ ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጥ ይዟል። «አንድ እሑድ ከከተማ ወጣ ብዬ ጣሳ ላይ ልሞክረው» ይላል። ሽጉጡ ጥይት እንደጎረሰ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሦስት ልጆች አሉት።

ነገሩን በአንድ ወቅት ተኩስ ያሠለጥኑ ለነበሩ አዛውንት አጫወትኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና «አየህ ልጄ፣ ሰው ሽጉጥ ገዛ ማለት ተኳሽ ሆነ ማለት አይደለም። ጥይቱን የሚያበላሸው ጣት ነው» አሉኝ። ጀማሪ ሰው ድምፁን ስለሚፈራ ገና ሳይተኩስ ይደነግጣል፤ ምላጩን መንጭቆ ሲስበው አፈሙዙ ወደ ታች ይሰግዳል።

መድኃኒቱን ጠየቅኳቸው። አሠልጣኙ ለተማሪው ሳይነግር በጥይቶቹ መሐል የማይተኩስ የልምምድ ጥይት ይቀላቅላል። ምላጩ ተስቦ «ቀጭ» ብሎ ሲቀር አፈሙዙ ከሰገደ ተማሪው ድንጋጤውን በዓይኑ ያያል። ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ቀላል ነው፦ እጀታውን በሁለት እጅ ጠበቅ ማድረግ፣ ዓይንን ፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ መትከል፣ ምላጩን ቀስ እያሉ መጫን። አምስት ተኩሶ ወረቀቱን ማየት ነው። ቀዳዳዎቹ ከመሐል ቢርቁም አንድ ላይ ከተሰበሰቡ ጥሩ ነው፤ ከተበታተኑ ግን እጅ ገና አልረጋም። ከ5 እና ከ7 ሜትር ተጀምሮ ወደ 25 ይኬዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

እግረ መንገዳቸውን ኮልፌን አነሡልኝ። ከጦር ኃይሎች ብዙም ሳይርቅ፣ በፈጥኖ ደራሹ ካምፕ፣ በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ሠልጥነዋል። ግለ ታሪካቸው እንደሚለው ልምምዱ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7፣ ከምሳ በኋላም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነበር። ጠመንጃና ሽጉጥ መተኮስ የተማሩት በኮልፌና 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኝ የተኩስ ሜዳ ነው። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳያልቅ አገር ቤት ጠራቸው። ሲሰናበቱ ኮሎኔል ታደሰ አንድ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ሸለሟቸው።

ልብ ይበሉ፤ ለማንዴላ ሽጉጡ የተሰጣቸው መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሽጉጡ ይቀድማል፣ ሥልጠናው እስከ ወዲያኛው ይቀራል። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩሰውም «ልምምድ» ይለዋል። የሽጉጥ ጥይት እኮ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል! ከጦር ኃይሎች አደባባይ ቢነሣ ስንት የቆርቆሮ ጣሪያ እንደሚያልፍ እርስዎው ይገምቱ። ጣሳ ላይ የተተኮሰም ድንጋይ ነክቶ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ፈቃድ ያለዎት አንባቢያችን ሆይ፣ አዛውንቱ የሰጡኝን ምክር እነሆ። የጎረሰውን ጥይት ከነካዝናው ያውጡ፤ ሽጉጡንና ጥይቱን ለየብቻ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቆልፉ። ባዶ ነው ብለው ቢያምኑም አፈሙዙን ወደ ሰው አያዙሩ። ካልተኮሱ በቀር ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ። ልምምድ ካማረዎት ፈቃዱን የሰጠዎትን ክፍል ሕጋዊ ሜዳና አሠልጣኝ የት እንዳለ ይጠይቁ። ካላገኙ ሜዳ አይፍጠሩ፣ ይቅርብዎት። ፈቃድ የሌለዎት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላለ ነገሩን ከናካቴው ይተዉት።

ወዳጄ ይህን ስነግረው «ታዲያ ምን ሊያደርግልኝ ገዛሁት?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ከመግዛቱ በፊት ቢጠይቀው ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነበር። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።