ወደ ጉራጌ አገር የሚወስደው መንገድና የሆድ ጤና

ሰው አገሩን ለማየት በወጣ ጊዜ ተራራውንና ወንዙን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ገበያውን መመልከቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን የአገሩ ሕዝብ ምን እንደሚበላና የሚበላውንም እንዴት እንደሚያዘጋጅ ያልተመለከተ መንገደኛ አገሩን በግማሽ እንዳየ ይቈጠራል። ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በኩል ወጥቶ በሰበታና በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ ወደ እምድብር የሚወስደው መንገድ ለዚህ ትምህርት እጅግ የተመቸ ነው። እስከ ወልቂጤ ያለው ርቀት 155 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመኪና ለሚሄድ ሰው ግማሽ ቀን የማይሞላ ጕዞ ነው። በዚህም አጭር መንገድ መንገደኛው ከኢትዮጵያ ታላላቅ ማዕዶች ሁለቱን፣ ይኸውም የጤፍን እንጀራና የእንሰትን ቆጮ፣ በየበቀሉበት ምድር ያገኛቸዋል።

ሁለቱም ምግቦች በመብላላት የኮመጠጡ ናቸው፤ ሁለቱም ሐኪሞች አሰር የሚሉትን፣ ሆድ የማያልመውን የእህልና የአትክልት ክፍል፣ በውስጣቸው ይዘዋል። ዛሬ ስለ አንጀት ጤና ከሚሰጠው ምክር ዋናው በእነዚሁ በመብላላትና በአሰር ላይ የቆመ ስለ ሆነ፣ መንገዱን እየተከተልን ነገሩን እንመርምር።

ሰበታን ካለፉ በኋላ የበቾ ሜዳ ይዘረጋል። መሬቱ ጥቁር ነው፤ በክረምት ጤፍ ይዘራበታል፤ በክረምቱ መውጫም በአፈሩ ውስጥ በቀረው ርጥበት ሽምብራና ጓያ ይበቅልበታል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ከመሆኗ የተነሣ ወፍጮ ገለባዋን ከፍሬዋ ሊለይ አይችልም፤ የምትፈጨው ከነሙሉ አካሏ ነው። ስለዚህ ባለጠጋው ማኛ ጤፍ ቢበላ፣ ድሃውም ቀይ ጤፍ ቢበላ፣ ሁለቱም ሙሉውን እህል ይበላሉ። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ 8 ግራም ያህል አሰር ሲገኝ፣ ገለባው ተነሥቶለት በነጣው የፉርኖ ዱቄት ውስጥ ግን ከ3 ግራም አይበልጥም። ቀድሞ የድሃ እህል እየተባለ በትልልቅ ቤቶች የተናቀው ቀይ ጤፍ ከነጩ የሚያንስበት ነገር እንደሌለ ዛሬ ታውቋል።

የበቾ ባለቤት ዱቄቱን በውሃ አቡክታ፣ ካለፈው ቡኮ ያስቀረችውን እርሾ ትጨምርበታለች። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ካደረ በኋላ በላዩ የሚያቀረውን ቢጫ ውሃ ትቀዳለች፤ ከቡኮውም ጥቂቱን በእሳት አብስላ አብሲት አድርጋ ትመልሰዋለች፤ ሲነሣም በምጣድ ትጋግረዋለች። በእነዚያ ቀኖች በቡኮው ውስጥ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት ናቸው። የእህሉን ስኳር በልተው አሲድና አየር ያወጣሉ፤ አሲዱ መኮምጠጡን፣ አየሩም የእንጀራውን ዓይን ይሰጣል። ከዚህም ጋር በእህል ውስጥ ያለውን፣ ብረትንና ዚንክን አስሮ ሰውነት እንዳያገኛቸው የሚከለክለውን ፊቲክ አሲድ የተባለ ነገር ይቀንሱታል።

ይህን ሥራ በሳይንስ መንገድ ከመረመሩት አንዱ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው፤ በ1857 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) ወተትን የሚያኮመጥጠው ሕያው ነገር መሆኑን ጽፎ አስታወቀ። ከእርሱ በኋላ በፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው፣ በ1908 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው ኤልያ ሜችኒኮፍ፣ የቡልጋሪያ ባላገሮች የሚጠጡት እርጎ ዕድሜን ያረዝማል ብሎ አስተማረ። ስለ ዕድሜ የተናገረው ባይረጋገጥም፣ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ረቂቃን ለጤና የሚጠቅም ሥራ አላቸው ማለቱ ግን በኋላ ዘመን በብዙ ምርመራ ጸንቷል።

ከቱሉ ቦሎ ወደ ወሊሶ ሲቃረቡ ሜዳው እየታጠፈ ዛፉ ይበዛል። ወሊሶ በፍል ውሃዋ የታወቀች ስለ ሆነች ብዙ ሰው ለሰውነቱ ዕረፍት ፈልጎ ወደዚያ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ በየቤቱ ጓሮ ቅጠሉ ሰፊ የሆነ፣ ሙዝ የሚመስል ግን ፍሬው የማይበላ ተክል ይታያል፤ ይኸውም እንሰት ነው። ወልቂጤን አልፈው በቸሃ ምድር ወደ እምድብር ሲሄዱ፣ ከደጃፎቹ ፊት ጀፎረ የተባለው ሰፊ የሣር መንገድ ተዘርግቶ፣ ከቤቶቹ ኋላ የእንሰት ተክል እንደ ጫካ ቆሞ ያገኙታል። ጀፎረው የሕዝቡ ሁሉ ነው፤ ልቅሶውም ሠርጉም ሸንጎውም በእርሱ ላይ ይሆናል። እንሰቱ ግን የየቤቱ ሀብት ነው፤ በላም እበት እየለመለመ፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ቆይቶ ለምግብ ይደርሳል።

በኢትዮጵያ ውስጥ 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በእንሰት ይኖራል ይባላል። ዝናም በዘገየ ጊዜ ሳይደርቅ የሚቆይ፣ በችግር ቀንም በተፈለገው ወር ሊቈረጥ የሚችል ተክል ስለ ሆነ የረኃብ መከላከያ ይሉታል። ተክሉን መትከልና መንቀል የወንዶች ሥራ ሲሆን፣ መፋቁና ማብላላቱ የሴቶች ጥበብ ነው። ሴቶቹ ዘንበል ብሎ በቆመ ሳንቃ ላይ የእንሰቱን ግንድ ቅርፊት እያስደገፉ በቀርከሃ ይፍቁታል፤ ሥሩንም ይወቅጡታል። ከዚያም አዋሕደው፣ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጕድጓድ ውስጥ ይቀብሩትና በቅጠል ሸፍነው በድንጋይ ይጫኑታል። በየጊዜውም እየከፈቱ ያገላብጡታል። በቈላው ቀጠና ፈጥኖ፣ በደጋው ግን በብዙ ወራት ይበስላል፤ የሚያበላሹት ተሐዋስያን በአሲዱ ስለሚከለከሉ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቀመጣል።

ከዚህ አንድ ተክል የሚወጡት ምግቦች ሦስት ናቸው። ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ይባላል፤ የተፋቀው ተብላልቶ በቅጠል ተጠቅልሎ ሲጋገር ቆጮ ይሆናል፤ ከፍቁ ተጨምቆ የወጣው ውሃ ሲጠል ከሥር የሚቀረው ነጭ ዱቄት ደግሞ ቡላ ይባላል። ቡላ ለከበረ እንግዳና ለአራስ የሚሰጥ፣ በገበያም ከቆጮ ይልቅ የሚወደድ ነው። ነገር ግን አሰሩ ሁሉ በቆጮው ቀርቶ ወደ ቡላ የሚሄደው ነጩ ዱቄት ብቻ ስለ ሆነ፣ ስለ አንጀት ጤና ብንፈርድ ርካሹ ምግብ ከውዱ በልጦ ይገኛል። በስንዴም የሆነው ይኸው ነው፤ ሰው ዱቄቱን ባነጣው መጠን ለአንጀቱ የሚጠቅመውን ለከብት ሰጥቶ ለራሱ የሚያስቀረው ያንሳል።

አሰር ሆድ የማያልመው ከሆነ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ እንዲህ ነው፤ እኛ ያላለምነው አሰር ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ በዚያ ለሚኖሩት ረቂቃን ቀለብ ይሆናል። እነርሱም እርሱን ሲበሉ ቡቲሬት የተባለውንና ሌሎችን አሲዶች ያወጣሉ፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ የሚመገበው ከሁሉ ይልቅ ይህን ቡቲሬት ነው። የቀረውም አሰር ውሃ ይዞ ሰገራን ያለሰልሳል፤ ድርቀትንም ይከለክላል። አየርላንዳዊው ቀዶ ጥገና ሐኪም ዴኒስ በርኪት በኡጋንዳ ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ፣ በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ አሰር የበዛበትን ምግብ የሚበሉት የአፍሪካ ባላገሮች ምግባቸው ከእንግሊዞች ይልቅ ፈጥኖ በአንጀት እንደሚያልፍ አሳየ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2023 ባወጣው መመሪያ አንድ ጎልማሳ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከእህልና ከአትክልት እንዲያገኝ መክሯል።

ስለ ኮምጣጣ ምግብም በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2021 ያሳተሙት ምርመራ አለ። 36 ጤነኞች ሰዎችን በሁለት ወገን ከፍለው፣ ለ10 ሳምንት አንዱን ወገን አሰር የበዛበት፣ ሁለተኛውን እርጎና የኮመጠጠ አትክልት የመሰለ ምግብ አበሏቸው። እርጎና ኮምጣጣ የበሉት ሰዎች የአንጀታቸው ረቂቃን ዓይነት በዛ፤ በደማቸውም ያለው የብግነት ምልክት ቀነሰ። በአሰር ወገን ግን በዚያ አጭር ጊዜ የረቂቃኑ ዓይነት አልበዛም። ሰዎቹ ጥቂት ስለ ሆኑ ይህ ለሁሉ ፍርድ የሚሆን አይደለም፤ ነገር ግን አንዱ ለሌላው ምትክ እንደማይሆንና ሁለቱም በአንድ ገበታ ቢገናኙ እንደሚሻል ያስተምራል።

በዚህ ነገር እውነቱን መለየት ያስፈልጋል። እንጀራና ቆጮ በእሳት የሚያልፉ ስለ ሆኑ ያብላሏቸው ረቂቃን በምጣዱ ላይ ይሞታሉ፤ የሚጠቅሙን በአሰራቸውና በመብላላት ባገኙት ለውጥ ነው። ሕያዋኑን የምንፈልግ ከሆነ እነርሱ ያሉት በእርጎ፣ ከባቄላ በሚሠራው በስልጆና ይህን በመሰለው ሳይበስል በሚበላ ኮምጣጣ ውስጥ ነው። ለእርጎ የሚሆነው ወተት አስቀድሞ ሊፈላና ሲበርድ በጥቂት እርጎ ሊረጋ ይገባዋል፤ ያልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና ሌላም በሽታ ያመጣልና። ቆጮም ፕሮቲኑ ጥቂት ስለ ሆነ ብቻውን አይበቃም፤ ጉራጌ ይህን አውቆ ከጎመንና ከአይብ፣ በመስቀልም በዓል ከክትፎ ጋር ያቀርበዋል። ክትፎው ጥሬ ሲሆን ግን የኮሶን ትል ያስከትላልና ለብለብ ከማለት አልፎ በደንብ ቢበስል ይሻላል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ቆጮውን ይበላል፤ እኛ በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች ግን ከወንበር ሳንነሣ ውለን፣ ጧት ነጭ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ፣ ቀትር ላይ ፓስታ እንበላለን። ከዚህ በኋላ የሆድ ድርቀትና የኪንታሮት ሕመም ቢበዛ፣ የስኳር በሽታም በከተማ ቢስፋፋ ምን ይደንቃል? አሰሩን ከገበታው ያራቀው እጦት ሳይሆን ንቀት ነው። ቆጮ በላተኛ ብሎ መስደብ፣ ስልጆን የጾመኛ ድሃ ምግብ አድርጎ ማየት፣ ልጆችን ሳይቀር ወደ ነጭ ዳቦ መራቸው። ዳንኤልና ሦስቱ ብላቴኖች የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬ በመብላታቸው ፊታቸው አምሮ መገኘቱን በትምህርት ቤት ተምረናል፤ በገበታችን ላይ ግን ረስተነዋል።

ንቀቱ በሆዳችን ብቻ አይቀርም። እንሰትን የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ አለ፤ በኢትዮጵያ በ1968 በሳይንስ ጽሑፍ ተመዘገበ፤ የያዘው ተክል ተነቅሎ ካልተቀበረ፣ የቈረጠውም ቢላዋ በእሳት ካልነጻ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይዛመታል። መፋቁም ለሴቶቹ እጅግ አድካሚ ነው። የተናቀ ምግብን ደግሞ የሚጠብቅለት፣ ለሠራተኞቹም ማቅለያ መሣሪያ የሚያስብ ሰው አይገኝም። ወጣቶቹ ሴቶች የማብላላቱን ጥበብ ሳይማሩ ወደ ከተማ ከሄዱ፣ ጓሮው ቢተርፍ እንኳ ጕድጓዱን የምታውቅ እጅ ትጠፋለች።

ስለዚህ ለቤተ ሰብ የምንመክረው ይህን ነው። በነጩ ዳቦ ፈንታ እንጀራ፣ የገብስ ቂጣ ወይም ቆጮ ይቅረብ፤ ምስር፣ ሽሮና ጎመን በጾም ቀን ብቻ ሳይሆን በፍስክም ከገበታ አይታጡ፤ እርጎ ወይም ስልጆ በየዕለቱ ጥቂት ይጨመር። ያልለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያበዛ ሆዱ ይነፋዋልና በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይጨምር፤ ውሃም ይጠጣ። የአንጀት ሕመም ያለበትና ሰውነቱ በሽታን የመከላከል ኀይል ያጣ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። በሥልጣን ያላችሁ አንባቢዎችም እንግዳ ስትጋብዙ ቆጮንና ስልጆን ከማዕዱ ራስ ላይ አስቀምጡ፤ የእርሻውን ሥራ የምትመሩትም ለእንሰቱ ሐኪም፣ ለሚፍቁትም እናቶች መሣሪያ አስቡ። መስከረም 17 ቀን ለመስቀል ወደ ጉራጌ አገር የምትወርዱም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውረዱ፤ ጕድጓዱ ሲከፈት ቆመው ይዩ፤ እናቶችም ሲጠየቁ የሚያውቁትን አይሰስቱም።