ሦስቱ ጣዕሞችና አንዱ ጋን

የአዲስ አበባ ሰው ቢራ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ አሳላፊዋ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የቱን ላምጣ?» መልሱም የፋብሪካ ስም ነው። አንዱ ጊዮርጊስ ይላል፣ ሌላው ሐረር፣ ሦስተኛው በደሌ። በዚህ ስም ላይ ስንት ክርክር ሲካሄድ አይተናል! «ያኛው ራስ ይይዛል»፣ «ይኼኛው ሆድ ይነፋል» እየተባለ ወዳጅ ከወዳጅ ይከራከራል። ዓይኑን ተሸፍኖ ቢቀምስ ግን የሚምልበትን ቢራ ከሌላው የሚለይ ስንቱ ነው? አልፎ አልፎ ጥቁር ቢራ ብቅ ማለቱን ባልረሳም፣ በአብዛኛው ጠርሙስ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት መጠጥ ነው፤ ቢጫ፣ የጠራ፣ ቀዝቃዛ፣ ነጭ አረፋ ያለው።

ለነገሩ ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 ዮሴፍ ግሮል የተባለ የባቫርያ ጠማቂ ፒልዘን በምትባል የቦሄሚያ ከተማ ወርቅ የመሰለ ቢራ ጠምቆ አወጣ። በ1870ዎቹ ካርል ፎን ሊንዴ የማቀዝቀዣ መሣሪያ ሠራ። በ1883 ደግሞ ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን አንዱን እርሾ ከሌላው ለይቶ ንጹሑን ብቻ ማራባት ቻለ። እንግዲህ መልኩ፣ ቅዝቃዜውና እርሾው ሲገጣጠሙ ዓለም ሁሉ ያንኑ ቢራ መጥመቅ ያዘ። በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካም የተወለደው በዚሁ ዘመን ነው። እኔም ቢራ ማለት ይኸው ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጠላ ሌላ፣ ቢራ ሌላ።

ይህ አጥር የፈረሰብኝ ብራስልስ ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ለሥራ ሄጄ የአክስቴ ልጅ ቤት አርፌ ነበር። አንደርሌክት በሚባለው ሰፈር ወዳለው የካንቲዮን ጠመቃ ቤት ይዞኝ ሄደ። ቤቱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው፤ ከውጭ ለሚያየው አሮጌ መጋዘን ይመስላል። ውስጡ ጨለም ያለ፣ በርሜል በበርሜል ላይ የተደረደረበት፣ የሸረሪት ድር እንኳ የማይጠረግበት ነው። ሸረሪቶቹ በርሜሉ ላይ የሚያንዣብቡትን ትንኞች ስለሚበሉ ማንም አይነካቸውም አሉ።

ጌዝ የሚባለውን ቢራቸውን ቀዱልን። የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ ፉት አለና ፊቱን አጨማደደ። «ይኼማ ኮምጥጧል፤ ይመልሱልን» አለኝ በአማርኛ። እኔ ዝም አልኩ። ምላሴ የሆነ ነገር አስታውሶ ነበር። የሰንበቴ ቤት፣ ከተጠለለ ሁለት ሦስት ቀን ያለፈው፣ ኮምጠጥ ብሎ ጉሮሮ የሚጠርግ ጠላ! ሁለተኛውን ብርጭቆ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የእሱንም የጨረስኩለት እኔው ነኝ።

አሠራሩን ሲያስረዱን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አንድ ሦስተኛ ገደማ ያልበቀለ ስንዴ፣ የቀረውን የገብስ ብቅል አድርገው ያፈላሉ። ምሬት የሚሰጠውን ሆፕ የሚጨምሩት ዓመታት አስረጅተው ነው፤ የሚፈልጉት እንዳይበላሽ የሚከላከለውን ኃይሉን እንጂ ምሬቱን አይደለም። ከዚያ ፈሳሹን ከጣሪያው ሥር ባለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የመዳብ ገንዳ ላይ ገልብጠው ሌሊቱን ሙሉ ለነፋስ ይተዉታል። እርሾ የሚባል ነገር አይጨምሩበትም። ከአየሩ፣ ከጣሪያው፣ ከበርሜሉ እንጨት የሚመጣው ተሕዋስ ራሱ ያብላላዋል። ስለዚህ የሚጠምቁት ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወራት፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ግድም ብቻ ነው። በጋ ላይ የማይፈለገው ተሕዋስ ይበዛል። ይህ ላምቢክ የሚሉት ነው። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱን ላምቢክ ቀላቅለው ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ሲያብላሉት ጌዝ ይሆናል።

ከእነዚያ ተሕዋሳት ዋነኛው ብሬታኖማይሰስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1904 ይኸው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ባልደረባ የነበረው ክላውሰን ከእንግሊዝ ቢራ ውስጥ አግኝቶት «የብሪታንያ ፈንገስ» ለማለት ያወጣለት ስም ነው። ነገሩ አያስገርምም? ንጹሑን እርሾ ለዓለም የሰጠው ቤት የዱሩንም እርሾ ስም አወጣለት። ብዙዎቹ ጠማቂዎች እንደ ጠላት የሚያባርሩትን የብራስልስ ሰዎች እንግዳ አድርገው ጣሪያቸውን ከፍተው ይጠብቁታል።

ከዚያ ወዲህ እግሬ በደረሰበት ሁሉ የማላውቀውን ቢራ መፈለግ ልማድ ሆነብኝ። ይህን ልማድ ለዓለም ያስተማረው ማይክል ጃክሰን ነው። ዘፋኙ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 2007 የኖረው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። በ1977 ባሳተመው የዓለም ቢራ መመሪያ፣ ቢራን በፋብሪካ ስም ሳይሆን በዓይነቱ መድቦ ሰው እንደ ወይን ጠጅ እንዲያጣጥመው አደረገ። «የቱን ላምጣ?» ለሚለው ጥያቄ ሌላ መልስ እንዳለ ያሳየ እሱ ነው ማለት ይቻላል።

በዓመቱ ጀርመን፣ ባምበርግ ገባሁ። እዚያ ሽሌንከርላ የሚባል ጥንታዊ ጠጅ ቤት መሳይ መሸታ ቤት አለ። ቢራው ጥቁር ነው፤ ገና ወደ አፍ ሲጠጋ ይጨሳል። ብቅሉን የሚያደርቁት በቢች እንጨት እሳት ላይ ስለሆነ ጭሱ እህሉ ውስጥ ይገባል። አንዱ የአገሬ ሰው በጾም ቀን ቢጠጣው ቋንጣ ቀመስኩ ብሎ ንስሐ አባቱ ዘንድ መሮጡ አይቀርም! «ሦስት ካልጠጣህ አትፍረድ» ይላሉ የአገሩ ሰዎች። እኔ ግን የመጀመሪያው ላይ ፈረድኩ። የወይራ ጭስ የጠገበ ጋን ሽታ ነው የሸተተኝ። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ ፈትገው አጥበው፣ ወይራ ለኩሰው አፉን በጭሱ ላይ ደፍተው ሲያጥኑት አፍንጫው የማያስታውስ ማን አለ?

ድሮ ብቅል በእንጨት እሳት በሚደርቅበት ዘመን የብዙ አገር ቢራ ጭስ ጭስ ይል ነበር። በኋላ ጭስ የማያስነካ ምድጃ መጣና ጣዕሙ ከየአገሩ ጠፋ። ባምበርግ ላይ ሳያቋርጡ የያዙት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ ሽሌንከርላና ሽፔትሲያል።

ሦስተኛውን ጣዕም ያገኘሁት ዋሽንግተን ነው። የልጅነት ጓደኛዬ በቤቱ ምድር ቤት ቢራ ይጠምቃል። አሜሪካ ውስጥ ሰው ለራሱ ቤት ቢራ እንዲጠምቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። ያኔ በአገሩ ሁሉ የነበሩት ፋብሪካዎች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ዛሬ ከ9,000 በላይ ጠመቃ ቤቶች አሉ። ብዙዎቹን የከፈቱት በየጓዳቸው ሲጠምቁ እጃቸውን የፈቱ ሰዎች ናቸው።

ጓደኛዬ የሚወደው መራራውን ነው። ሆፑን አብዝቶ ይጨምራል፤ ሽታው የብርቱካን ልጣጭ፣ ጣዕሙ ምላስ የሚይዝ። «ይኼ እንኳ ጌሾ ነው» አልኩት። ሳቀና ከመደርደሪያው ላይ ከሐበሻ ሱቅ የገዛውን የጌሾ ከረጢት አወረደልኝ። ሆፕና ጌሾ በዘር አይገናኙም፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። ጣፋጩን ብቅል በምሬት ይገራሉ፣ መጠጡንም ከመበላሸት ይጠብቃሉ።

ከቢራው ይልቅ ያስቀናኝ ግን ደብተሩ ነው። የጠመቀው ሁሉ ቀኑ፣ የብቅሉ ክብደት በኪሎ፣ ሆፑ በግራም፣ የውሃው ሙቀት፣ ያፈላበት ደቂቃ ሳይቀር ተጽፏል። የዛሬ አምስት ዓመት የጠጣነውን ቢራ ዛሬ ልድገመው ቢል ይደግመዋል።

እዚያው ተቀምጬ አሰብኩ። ኮምጣጣውን ብራስልስ፣ ጭሱን ባምበርግ፣ ምሬቱን ዋሽንግተን አገኘሁ። ሦስቱንም ለማግኘት ስንት ባሕር ተሻገርኩ! ሦስቱ ግን አንድ ላይ የሚገኙት አዲስ አበባ፣ አክስቴ ጋን ውስጥ ነው። ያ ጋን ደግሞ ደብተር የለውም።

በዚያው ምሽት ስልክ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ለአንድ ጋን ጠላ ስንት ኪሎ ጌሾ ይገባል?»

«ኪሎ?» ሳቀች። «ጌሾ በኪሎ ሲለካ የት አየህ?»

«ታዲያ በምን ታውቂዋለሽ?»

«ጥንስሱን ቀምሼ ነዋ! ምላስህን ያዝ ሲያደርግህ በቃ ማለት ነው።»

«ድፍድፉስ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ክረምት ነው በጋ? ጌሾው አዲስ ነው የከረመ? አንተ ልጅ፣ እንዲሁ ስንት ቀን ይባላል እንዴ?»

አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ከሁለቱ ሴት ልጆቿ አንዷ ዱባይ ናት፣ ሌላዋ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሮ። ግቢዋ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከገባች ወዲህ ጋኗን የምታቆምበት ቦታ የላትም። ወይራ ባጨሰች ቀን ጎረቤት በር ያንኳኳል። ስለዚህ የምትጠምቀው ለፋሲካና ለመስቀል ብቻ ሆኗል፤ እሱም በፕላስቲክ በርሜል። ፕላስቲክ ደግሞ አይታጠንም። ከሦስቱ ጣዕሞች አንዱ፣ ጭሱ፣ ከቤታችን እንዲህ ወጣ። ማንም ይውጣ አላለም፤ ቤቱ ተለወጠና ወጣ።

የብራስልሱም ቢራ ለዚህ ቀርቦ ነበር። ጣፋጭና ቢጫ ቢራ ሲበዛ ኮምጣጣውን የሚፈልግ ጠፋ፤ ጠማቂዎቹ አንድ በአንድ ዘጉ። የካንቲዮን ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1978 ጠመቃውን ሳያቋርጡ ቤቱን የጌዝ ሙዚየም አድርገው ለጎብኚ ከፈቱት። በ2016 የቤልጅየም የቢራ ባህል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ያ ውሳኔ የተላለፈበት ስብሰባ የት የተካሄደ ይመስላችኋል? እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.! የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚሁ ስብሰባ ላይ ነው። የቤልጅየሞች ቢራ ከተማችን ላይ ቅርስ ሲባል፣ በየጓዳው ስንት ጥንስስ እየፈላ እንደነበረ ሳስብ ይገርመኛል።

እኔ ዩኔስኮ አይደለሁም፤ የምችለውን ያዝኩ። ሚዛንና ደብተር ገዝቼ አክስቴ በጠመቀች ቁጥር አጠገቧ መቀመጥ ጀመርኩ። ጌሾው ከእጇ ወደ እንስራው ከመግባቱ በፊት «ቆይ እትዬ» እላለሁ፤ እመዝናለሁ፤ እጽፋለሁ። ብቅሉን፣ አሻሮውን፣ ለቂጣው የሚገባውን ዱቄት፣ እንኩሮውን ሁሉ። መጀመሪያ ትስቅብኝ ነበር፤ አሁን «መዝነህ ጨረስክ?» ብላ ትጠብቀኛለች።

ሦስት ጊዜ ለካን። የሦስቱም ቁጥር ተለያየ። የፋሲካው ጌሾ ከመስቀሉ በብዙ ያንሳል፤ የጥንስሱ ቀን በአንደኛው ሁለት፣ በሌላኛው አራት ሆነ። ጠላው ግን ሦስቱንም ጊዜ ያው የእሷ ጠላ ነበር። ሰንብቶ የገባኝ ይህ ነው፤ ቅጠሉ ሲያረጅ ትጨምራለች፣ ብርድ ሲሆን ቀን ታስረዝማለች፣ ብቅሉ ሲበረታ ውሃ ታበዛለች። የብራስልሱ ሰውዬ የወጣቱንና የሽማግሌውን በርሜል እየቀመሰ የሚያስማማው እንዲሁ ነው። የሚለወጠው መጠኑ ነው፤ የማይለወጠው የምትፈልገው ጣዕም ነው፤ እሱን የምታውቀው ምላሷ ናት።

ስለዚህ በደብተሩ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ሌላ ዓምድ ጨመርኩ። ጌሾው መቼ ተለቀመ፣ ሌሊቱ ምን ያህል በረደ፣ ጥንስሱን ስትቀምስ ምን አለች። «ገና ነው፣ አልያዘኝም» ያለችው ተጽፏል። «ዛሬስ ቸኩሏል» ያለችውም ተጽፏል። ለጭሱም መላ እየፈለግን ነው፤ ከተማ ዳር ግቢ ያለው ዘመድ ጋኑን ልቀበል ብሏል።

ለመጪው መስቀል አራተኛውን እንለካለን። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጇ «ሚዛኑን እኔ ልያዝ» ብላ ጠይቃለች። እትዬም ፈቅዳላታለች፤ ግን መጀመሪያ ጥንስሱን ቅመሽ ብላ ነው።