በሶብላ የጠፋበት ሽሮ
(ከአሶሳ)

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ ባምባሲን አልፎ አሶሳ ሲገባ ከ650 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ጨርሷል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትሩን ጥቂት አልፋ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ለደገኛ ሰው ሙቀቷ ገና ከአውቶቡስ ሲወርድ ይታወቀዋል። የማንጎው ጥላና የቀርቀሃው ብዛት ግን ቶሎ ያስታርቀዋል።

እኔ ወደዚህ የመጣሁት ኬሚስትሪ ላስተምር ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ከመጻሕፍቱ ይልቅ የሚከብደው እናቴ ከደብረ ማርቆስ ያሸከመችኝ የሽሮ ከረጢት ነበር። ወንደ ላጤ መምህር ያለ ሽሮ እንዴት እንደሚኖር እስካሁን የነገረኝ የለም።

ታዲያ በየካቲት ወር አንድ ጭንቅ መጣብኝ። ከዚያ ቀደም ብሎ ወባ ጥሎኝ በተኛሁ ጊዜ፣ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት የበርታ እናት ስድስት ቀን ሙሉ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ እያደረጉ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ድኜ ስነሣ እኔም በተራዬ ቤቴ ጠርቼ ላበላቸው ቆረጥሁ። እሳቸው እስላም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝና የሥጋው ነገር አያገናኘንም፤ ሽሮ ግን ማንንም አያስቀይምም። ነገር ግን እናቴ ሽሮዋን ከእሳት ልታወርድ ስትል ከጓሮዋ አንድ ዘለላ ትኩስ በሶብላ ቀጥፋ ጣል ታደርግበታለች። ለእኔ ያ ከሌለ ሽሮው ሽሮ አይደለም። በጣሳ ያበቀልሁት በሶብላም በዕረፍት ጊዜ ውሃ የሚያጠጣው አጥቶ ደርቋል።

ገበያ ወጣሁ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ ወደ አሶሳ ከሰፈሩት ቤተሰቦች የተወለዱ አንዲት ቅመም ሻጭ ጥያቄዬን ሰምተው ሳቁብኝ። «በየካቲት ትኩስ በሶብላ? በሐምሌ ና!» ብለው ደረቁን ሰፈሩልኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ከአጥር ሥር አንድ ቅጠል አየሁ። በጣቴ ባሸው ሽታው በሶብላን በሶብላን አለኝ። ደስ ብሎኝ ስቀጥፍ እኒያው ጎረቤቴ ደረሱብኝ።

«ቲቸር፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ለወጥ ነው እማማ። ሽታው ልክ እንደ አገሬ ቅመም ነው።»

«ስሙን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም፤ ሽታው ግን…»

«ሽታውን አልጠየቅሁህም» ብለው ከእጄ ተቀብለው ወረወሩት።

እኔ ኬሚስትሪ አስተማሪው አፈርሁ። ብዙ መርዘኛ ቅጠል መልካም ሽታ እንዳለው ለተማሪዎቼ የምነግረው እኔው ነበርሁ።

እንግዲህ የቀረኝ ደረቁ ነው። የበሶብላ ሽታ የሚመጣው በቅጠሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ውስጥ ከተቋጠረና በቀላሉ ከሚተን ዘይት ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ከዘይቱ ከፊሉ ይበንናል፤ የቀረውም በሚፈላ ድስት ውስጥ ብዙ ከቆየ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ሽቶ የሚያዘጋጁ ሰዎች የቅጠል ዘይት በእንፋሎት የሚያወጡት በዚሁ ጠባዩ ነው። ስለዚህ ደረቁን ከሽሮው ጋር አብሮ ማንተክተክ ሽታውን ለጎረቤት ማደል ይሆናል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የጣሊያኑን ባዚሊኮ ወይም የታይላንዱን በሶብላ ገዝተው ይተኩታል። ጣሊያኖቹ ባዚሊኮ የሚሉት የእኛው በሶብላ ወገን ነው፤ ጠረኑ ግን ይለያል። አሶሳ ላይ ያም የለም።

ከዚያ አንድ ብልኀት መጣልኝ። በአንዳንድ የበሶብላ ዓይነት ውስጥ ዩጀኖል የሚባል ነገር አለ፤ ይኸው ዩጀኖል የቅርንፉድ ዋና ሽታ ነው። ስለዚህ የጎደለውን በቅርንፉድ እሞላለሁ ብዬ ከእንግድነቱ ቀን በፊት በትንሽ ድስት ሞከርሁ። አምስት ፍሬ ወቅጬ ጨመርሁ። ወዮልኝ! ዩጀኖል የጥርስ ሐኪሞችም መድኃኒት መሆኑን ዘንግቼ ነበር። ሽሮው ልክ የጥርስ ሐኪም ክፍል ሸተተ፤ ምላሴም ደነዘዘ። አብሮኝ የሚኖረው የሒሳብ መምህር አንድ ጊዜ ጎርሶ «ጥርሴን ልትነቅለው ነው?» ብሎ ዳቦ ሊገዛ ወጣ።

በማግስቱ ትኩሱ ዘለላ በድስቱ ውስጥ ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበር ለየብቻ አሰብሁ። አንደኛው ሥራው ሽታ ነው፤ ሌላው ደግሞ በደረቅ ዱቄት ወጥ ላይ የሚያመጣው የለምለም ነገር ጣዕም ነው። አንድ ምትክ ሁለቱን አይሠራም። ለአራት ሰው በሚበቃው ድስት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ በሶብላ በመዳፌ መካከል አሽቼ፣ ከእሳት ካወረድሁት በኋላ ነሰነስሁበትና አምስት ደቂቃ ያህል ከድኜ ተውሁት። ቅርንፉዱን አንዲት ፍሬ ብቻ፣ ያውም ሳልወቅጥ፣ ከቁሌቱ ጋር ጥዬ በኋላ አወጣሁት። ለለምለሙ ደግሞ ቃሪያ በቀጭኑ ከትፌ ከጥቂት ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ጋር በመጨረሻው ሰዓት ጨመርሁ። የእናቴ ሽሮ አልሆነም፤ እውነቱን ልናገር። ነገር ግን የሚያሳፍርም አልነበረም።

እማማ መጡ፤ በሉ፤ ደገሙም። ከዚያ ስለ ጠፋው ቅጠል ያየሁትን አበሳ ሁሉ አጫወትኋቸው። ቅርንፉዱ ዘንድ ስደርስ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«እኔ ያመጣሁልህ ባሚያ ትኩስ መስሎህ ነበር?» አሉኝ።

በእርግጥ መስሎኝ ነበር። ለካ የበርታ ሴቶች በክረምቱ የደረሰውን ባሚያ ከትፈው በፀሐይ ያደርቁታል፤ ወቅጠውም ዱቄቱን ለበጋ ያኖሩታል። ደረቁ ዱቄት ወጡን እንደ ትኩሱ ያንተለትለዋል። ባሚያ የሚፈለገው ለሽታው ሳይሆን ለማንተልተሉ ስለ ሆነ ፀሐይ ብዙ አትጎዳውም፤ በሶብላን ግን ጠረኑን ትቀማዋለች። እሳቸው ዘንድ ዱቄቱ የበጋ ባሚያ እንጂ የባሚያ ምትክ አይባልም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ጣሳ ሙሉ ዱቄት ልከውልኝ፣ ለእናትህ ስደድላት አሉኝ። በስልክ ስነግራት እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው ከምን ጋር እንደሚበላ ነው። ከማሽላ ገንፎ ጋር ነው አልኋት።

«ገንፎ ያለ ቅቤ?» አለችና ጥቂት ዝም አለች።

ቆይታም «እስቲ ላከው» አለችኝ።