ሀ ላይ የቆመው ፋይል

ታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠናል። እኔ ደግሞ ጋዜጠኝነት ጨርሼ ዲግሪዬን ሳሎን ሰቅያለሁ። ቤታችን ውስጥ ፉክክር አለ። እሱ "አንቺ የምትጽፊውን ሰው አንብቦ ይረሳዋል፤ እኔ የምጽፈውን ማሽን ይታዘዘዋል" እያለ ያበሽቀኛል። አንድ ክረምት እልህ ያዘኝና "በል እንግዲያው አስተምረኝ" አልኩት። በሲ ቋንቋ ጀመርን።

የመጀመሪያው የቤት ሥራዬ አንድ ፋይል አንብቦ ያነበበውን ሌላ ፋይል ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም መሥራት ነበር። ("ኮፒ ፔስት አድርገሽ አትገላገይም ወይ?" የምትሉኝ አትጠፉም። እኔም ብዬው ነበር።) ፕሮግራሜ ፋይሉን በሙሉ ያነብና "ኤፍፑትስ" በሚባል ትእዛዝ መልሶ ይጽፈዋል። በእንግሊዝኛ በጻፍኩት የሥራ ማመልከቻ ሞከርኩት። አንድ ነጥብ ሳያጎድል ገለበጠው። ኮራሁ። ኩራት ምን እንደሚያስከትል መቼም ታውቃላችሁ።

ከአያቴ ጋር ያደረግኋቸው ዘጠኝ ቃለ መጠይቆች ነበሩኝ። ድምፁን ከስልኬ እየሰማሁ፣ ሌሊት እየተነሳሁ የተየብኳቸው ናቸው። ድምፁንማ ስልኬ ሲሞላብኝ አጥፍቼዋለሁ፤ "ተጽፏል አይደል!" ብዬ። እንግዲህ ዘጠኙንም በአዲሱ ፕሮግራሜ አሳለፍኩና ቅጂዎቹን በዋናዎቹ ቦታ ተካሁ። ከፍቶ ማጣራት ትዝም አላለኝ።

ማታ የመጀመሪያውን ፋይል ስከፍት "ከደብረ" ይላል። አለቀ። ሁለተኛው "አባቴ"። ሦስተኛው "ያኔ"። ዘጠኝ ፋይል፣ ዘጠኝ ቃል።

ወንድሜ መጀመሪያ ሳቀ፣ ፊቴን ሲያይ ግን ተወው። "በምን ነበር ሴቭ ያደረግሽው?" አለኝ። በአሮጌው ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሬ፣ በኖትፓድ፣ "ዩኒኮድ" የሚለውን መርጬ ነበር። ያንን ካልመረጥኩ አማርኛዬ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ይሆንብኛላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሁሉም ፊደል ቁጥር ነው። በቃላት መሃል የምንተወው ክፍት ቦታ እንኳ 32 የሚባል ቁጥር አለው። "0" ብለን የምንጽፈው አኃዝ ደግሞ 48 ነው። ከነዚህ ሁሉ የተለየ፣ ቁጥሩ ራሱ ዜሮ የሆነ ምልክት አለ፤ ነል ይባላል። አይነበብም፣ አይታይም፣ ቦታ ግን ይይዛል። ሲ ቋንቋ ውስጥ ይህ ምልክት "ጽሑፉ እዚህ አበቃ" ማለት ነው። የቋንቋው ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ሲ አፈጣጠር በጻፈው ላይ ምክንያቱን ገልጾታል፤ የጽሑፍን ርዝመት በቁጥር መያዝ የርዝመት ገደብ ያመጣል፣ ቆጥሮ ከመያዝም መጨረሻው ላይ ምልክት ማኖሩ ይቀላል። ኤፍፑትስም ነል እስኪያገኝ ይጽፋል፣ ሲያገኝ ይቆማል። ነሉን ራሱንም አይጽፈውም።

የኖትፓዱ "ዩኒኮድ" ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል የሚጽፈው በሁለት ባይት ነው። ለክፍት ቦታ፣ ለዚያች ለ32፣ አንድ ባይት ይበቃታል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ባይት ዜሮ ሆኖ ይቀመጣል። ፕሮግራሜ አንድ ቃል ይጽፋል፣ ክፍት ቦታ ጋ ሲደርስ ዜሮ ያያል፣ "አበቃ" ብሎ ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ አያቴ ከአንድ ቃል በላይ እንዴት ትናገር?

ደግነቱ የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ለአንዲት ጓደኛዬ በኢሜይል ልኬላት ነበር። ከዘጠኙ አንዱ ተረፈ። ከሱ ላይ መስመር የማይሰብር አንድ አንቀጽ ወሰድኩና እንደ ድሮ ጸሐፊዎች በቃላቱ መሃል ሁለት ነጥብ ከተትኩ። ሁለት ነጥባችን የራሱ ቁጥር አለው፣ ዜሮ የለበትም። ፕሮግራሙን አስነሳሁት። "ከደብረ፡ብርሃን፡የመጣሁት፡በጭነት፡መኪና፡ነው።፡" ብሎ ሄደ፣ ሄደ... ቆመ። ቀጥሎ የነበረው ቃል "ሀገሬን" ነው።

ለምን መሰላችሁ? የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሰንጠረዡ የተጀመረው በሀ ነው፤ ቁጥሩም በሄክሳዴሲማል 1200። ለሁለት ባይት ሲከፈል አንዱ 12፣ ሌላው 00። ዜሮ! ጀም ቁጥሩ 1300 ስለሆነ እጣው ያው ነው። እኛ ሀ ብለን እንጀምራለን፣ የእኔ ፕሮግራም ሀ ብሎ ይጨርሳል። እያዘንኩም ቢሆን ሳቅሁ።

መፍትሔው አጭር ነው። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 የነደፉት ዩቲኤፍ 8 ከነሉ ከራሱ በቀር በየትኛውም ፊደል ውስጥ ዜሮ ባይት እንዳይገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፣ ግን ሀም ሳትቆረጥ ታልፋለች። ፕሮግራሙን ማስተካከል ከፈለጋችሁ ደግሞ በኤፍፑትስ ፈንታ "ኤፍራይት"ን መጠቀም ነው። እሱ ስንት ባይት እንደሚጽፍ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ነል ሲያጋጥመው እሱንም ጽፎ ይቀጥላል። ለመሞከር ብዬ ዐሥር ነል ብቻ ያለበት ፋይል ጻፍኩ። የሚነበብ ነገር የለውም። መጠኑን ስጠይቀው ግን "10 ባይት" አለኝ።

የተረፈውን ፋይል እንደገና ሳነብ አንድ ቦታ ላይ በቅንፍ የጻፍኩትን አገኘሁ። አያቴ ስለ ታላቅ እህቷ እያወራች ሳለ "(ዝም አለች)" ይላል። ቀጥሎ የኔ ጥያቄ አለ፦ "እሺ፣ አዲስ አበባ ስትደርሺስ?" አራት ዓመት ቃለ መጠይቅ ተምሬ፣ ሰው ዝም ሲል ጨርሷል ብዬ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። በኤፍፑትስ መሳቄ ቀረ።

ያለፈው እሑድ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። "እማማ፣ የነገርሽኝን አጠፋሁት" አልኳት። "ታዲያ ምን ይደረግ፣ እኔም ግማሹን ረስቼዋለሁ" አለች። እውነቷን ነው፤ ሦስቱን ታሪኮች ጭራሽ አላስታወሰቻቸውም። እህቷ ጋ ስንደርስ ግን እንደገና ዝም አለች። ጥያቄው አፌ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት። ቡናው ፈላ፣ ተቀዳ። ስኒዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

"ነጠላዋን ይዤባት ነው የመጣሁት" አለች። "ሌላ አልነበራትም። ብርዱ ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ልጄ።"

ይህን ቀድሞ ከጻፍኳቸው ዘጠኝ ፋይሎች በአንዱም ውስጥ አልነገረችኝም ነበር። በዩቲኤፍ 8 አስቀምጬዋለሁ፤ ድምፁንም አላጠፋሁትም። ዝም ያለችበት ጊዜም አብሮ አለ።